የኢንተርኔት ስም ምዝገባና የሞኖፖል ነገር

ከዛሬ ስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈ የንግድ ደብዳቤ በእጁ የገባ ሰው፣ ከወረቀቱ ራስጌ ላይ ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩና ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ «የቴሌግራም አድራሻ» የሚል መስመር ያገኛል። ይህ አድራሻ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል አይበልጥም ነበር። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ቁጥር ይከፈል ስለነበረ፣ ነጋዴው የማኅበሩን ረጅም ስም በሙሉ ማስጻፍ ትቶ አንድ አጭር ቃል ይመርጥና በቴሌግራፍ ቤት ያስመዘግብ ነበር፤ ከዚያም ወዲያ ከኤደንም ሆነ ከማርሴይ የሚላክለት ቴሌግራም በዚያች ቃል ብቻ ፈልጎ ያገኘዋል። ቃሉን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት እንደሆነ ግን ሌላ መፈለግ ግድ ነበር፤ በአንድ ከተማ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ቃል ሊጠሩ አይችሉምና።

ዛሬ የዚያችን ቃል ሥፍራ የያዘው የኢንተርኔት ስም ነው፤ ባለሙያዎቹ «ዶሜይን» ይሉታል። በሮቤ ስንዴና የቢራ ገብስ የሚሰበስበው ነጋዴ፣ በጎባ ለመንገደኛ ማረፊያ ቤት የከፈተው፣ ከደሎ መና አቅጣጫ የሐረናን የጫካ ቡናና ማር የሚያመጣው ላኪ፣ ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን በሃምቡርግ ያለው ቡና ገዢ ናሙናው ሳይደርሰው በፊት የላኪውን ስም በኢንተርኔት መፈለጉ የማይቀር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ወደ ዲንሾ የሚመጣው ጎብኚም የሚያድርበትን ቤት የሚመርጠው አገሩ ሳለ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ይህ ስም የሚጻፍበትን መዝገብ የያዘው ማን ነው? ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ነጋዴው ባልተስማማው ጊዜ ወደ ሌላ በር መሄድ ይችላልን?

አስቀድሞ ስሙ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ እናስረዳ። በኢንተርኔት ላይ ያለ ማናቸውም ማሽን የሚታወቀው በቁጥር ነው። ቁጥሩን ሰው ሊያስታውሰው ስለማይችል፣ ለቁጥሩ ስም ይሰጠዋል፤ ስሙን የጻፈ ሰው ወደ ቁጥሩ ይመራል። መጀመሪያ ላይ የስሞቹ ሁሉ ዝርዝር በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ማሽኖቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን አንድ ዝርዝር የማይበቃ ሆነ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ መዝገቡ እንደ ዛፍ በግንድና በቅርንጫፍ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ዘረጋ። በዚህ ሥርዓት ስም የሚነበበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ቃል ስሙ በየትኛው መዝገብ እንደተጻፈ ያመለክታል። «ነጥብ ኮም» የተባለው በመጀመሪያ ለንግድ ድርጅቶች የታሰበ መዝገብ ነው፤ «ነጥብ ኦርግ» በጎ አድራጊዎችና ማኅበራት የሚጽፉበት ነው፤ አገሮችም እያንዳንዳቸው በሁለት የላቲን ፊደሎች የሚጠራ መዝገብ አላቸው። የኢትዮጵያ መዝገብ «ነጥብ ኢቲ» ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። መዝገቡ ራሱ አንድ መሆን አለበት። ለአንድ ቦታ ሁለት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቢኖር ሁለት ባለይዞታዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንደሚንከራተቱ ሁሉ፣ ለነጥብ ኮም ሁለት መዝገብ ቢኖር አንዱ ስም ለሁለት ሰው ተሰጥቶ የገዢው ደብዳቤ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ያለው ሞኖፖል የክፋት ውጤት ሳይሆን የነገሩ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን መዝገቡን መያዝና ከሕዝቡ ማመልከቻ እየተቀበሉ ማስመዝገብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በማዘጋጃ ቤት በር ላይ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ማሰብ ይበቃል። በውስጥ ያለው መዝገብ አንድ ነው፤ በውጭ ያሉት ጸሐፊዎች ግን ብዙ ናቸው፤ አንዱ ዋጋ ቢያስወድድ ወይም እጁ ቢዘገይ ባለጉዳዩ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን መዝገብ ያዥ፣ ሁለተኛውን አስመዝጋቢ እያልን እንጠራቸዋለን። ውድድር ሊኖር የሚችለው በአስመዝጋቢዎቹ መካከል ነው፤ መዝገብ ያዡን ግን የሚገታው ውል፣ የዋጋ ወሰንና ተቆጣጣሪ እንጂ ውድድር አይደለም።

ይህ ልዩነት በዓለም ላይ የታወቀው በብዙ ክርክር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስሞቹን ነገር የሚመራው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጆን ፖስቴል ሲሆን፣ ስም ማስመዝገብም ለባለስሙ ያለ ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከአገሩ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጋር በተዋዋለው መሠረት የነጥብ ኮምንና የጥቂት ሌሎችን መዝገብ ብቻውን ያዘ። በመስከረም 1995 እ.ኤ.አ. ዋጋ እንዲያስከፍል ተፈቀደለትና ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ከዚህም ገንዘብ ከመቶ 30 እጁ ለኢንተርኔት ማስፋፊያ ወደሚውል ፈንድ ይገባ ነበር። መዝገብ ያዡም አስመዝጋቢውም እርሱ ብቻ ስለነበረ፣ ዋጋው በዛ የሚል ነጋዴ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ስም የሚሰጠው ቀድሞ ለጠየቀ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጆሹዋ ኪትነር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኩባንያዎች ስለዚህ ነገር ምን ያህል እንዳልነቁ ለማሳየት ብሎ የታወቀውን የማክዶናልድስን ስም በነጥብ ኮም መዝገብ በራሱ ስም አስመዘገበው። ኩባንያው ስሙን ያስመለሰው ጋዜጠኛው በጠየቀው መሠረት ለአንድ የብሩክሊን ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ዕቃ መግዣ 3,500 ዶላር ከሰጠ በኋላ ነው። ነገሩ በሣቅ አለፈ። ስሙን የያዘው ሰው ጋዜጠኛ ሳይሆን ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ግን ሒሳቡ በ3,500 ዶላር የሚዘጋ አይመስለንም።

በክርክሩ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 የስሞቹንና የቁጥሮቹን ሥርዓት የሚመራ «አይካን» የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር በካሊፎርኒያ ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1999፣ አምስት ድርጅቶች ከኔትወርክ ሶሉሽንስ ጎን ለጎን ነጥብ ኮምን እንዲያስመዘግቡ ለሙከራ ተመረጡ። መዝገብ ያዡ ከአስመዝጋቢዎቹ የሚቀበለው የጅምላ ዋጋ መጀመሪያ በዓመት 9 ዶላር፣ ከ2000 ጀምሮ 6 ዶላር ሆኖ ተወሰነ። የፊተኛው ዋጋ በዓመት 50 ዶላር እንደነበረ ያስታውሱ። አስመዝጋቢዎቹም ከአምስት ተነሥተው ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ሆነዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባለስሙ ስሙን ሳይቀይር አስመዝጋቢውን ብቻ መቀየር መቻሉ ነው፤ ይህ መብት ባይኖር የአስመዝጋቢዎቹ ብዛት ለጌጥ ብቻ ይሆን ነበር።

የመዝገቡ ሞኖፖል ግን እንዳለ ቀረ። ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኔትወርክ ሶሉሽንስን ገዝቶ መዝገቡን ወረሰ፤ የአስመዝጋቢነቱን ሥራ በ2003 ሸጦ ሲለቅ መዝገቡን ግን ለራሱ አስቀረ። ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው እንደሚያዋጣ ከዚህ ይታወቃል! የጅምላው ዋጋም በ2012 እስከ 7.85 ዶላር ደረሰ፤ ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት ለብዙ ዓመታት በዚያው እንዲረጋ አደረገው። በ2018 ውሉ ተሻሽሎ በተወሰኑ ዓመታት በዓመት እስከ ከመቶ 7 መጨመር ሲፈቀድለት፣ ከ2021 ጀምሮ አራት ጊዜ ተከታትሎ ጨመረና በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. 10.26 ዶላር ገባ። የማሽን ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ በሄደበት ዘመን የመዝገብ መያዣ ዋጋ መወደዱ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ባለስሙ ወዴት ይሄዳል?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ አገር ነጋዴ በይበልጥ ሊብራራለት ይገባል። የባሌ ነጋዴ ሞኖፖልን በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይረከብ እንደነበረ፣ የግል ነጋዴውም ከገዛው እህል ድርሻ ለድርጅቱ በዚያው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ እንደነበረ፣ ይህም በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ እንደቀረ፣ በሲናናና በአጋርፋ እህል ሲገዙ የኖሩ አዛውንት ያስታውሱታል። ያ ሞኖፖል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ የሚታይ ነበር። የስም ሞኖፖል ግን ሌላ ጠባይ አለው። ነጋዴው ስሙን ከመምረጡ በፊት ነፃ ነው፤ ከብዙ መዝገቦች አንዱን ይመርጣል፤ ዋጋ ያወዳድራል። ስሙን አንድ ጊዜ ከመረጠ፣ በጆንያው ላይ ካሳተመ፣ በፋክቱሩና በሱቁ ሰሌዳ ላይ ካጻፈ፣ በጅዳና በሃምቡርግ ያሉ ደንበኞቹም ከለመዱት በኋላ ግን ስሙን መተው ሱቁን ከዋናው መንገድ ነቅሎ ወደ ጓሮ እንደማዞር ያለ ኪሣራ ነው። ስለዚህ መዝገብ ያዡ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ቢጨምርበት ይከፍላል። በመግቢያው በር ላይ ያለው ውድድር ከገባ በኋላ አይጠብቀውም።

በዚህ ምክንያት ነው በነጥብ ኮምና በብዙ ዓለም አቀፍ መዝገቦች ውል ውስጥ ሁለት የመጠበቂያ አንቀጾች የገቡት፤ መዝገብ ያዡ የማሳደሻ ዋጋ ከመጨመሩ ከስድስት ወር በፊት እንዲያስታውቅ፣ ባለስሙም ከፈለገ በቀድሞው ዋጋ እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ ከፍሎ እንዲይዝ። ይህን ሁለተኛውን መብት የሚያውቀው ነጋዴ ጥቂት ነው። ሌላም ጉዳይ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የነጥብ ኦርግ መዝገብ የዋጋ ወሰን ተነሣለት፤ በዚያው ዓመት አንድ የግል ኩባንያ መዝገቡን የሚያስተዳድረውን ድርጅት በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በዓለም ያሉ ማኅበራት ጩኸት አሰሙ፤ አይካንም በሚያዝያ 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ሳይፈቅድ ቀረ። ለአንድ መዝገብ ይህን የሚያህል ዋጋ ለመክፈል የተሰለፈው ገዢ፣ የሚከፍለው ለማሽኖቹ ሳይሆን ሊወጡ ለማይችሉ ደንበኞች እንደሆነ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ነጥብ ኢቲ በዓለሙ ዋና መዝገብ የገባው በጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ይህም ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት ከጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. በፊት መሆኑ ነው፤ ሰሌዳው ከሱቁ ቀድሞ ተሰቀለ ማለት ይቻላል። መዝገቡን የያዘው የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 በንጉሠ ነገሥት መንግሥት ቦርድ ሆኖ ተቋቁሞ፣ በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ፣ በ1989 ዓ.ም. መባቻ ግድም ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ ከኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሏል። በስልኩም፣ በኢንተርኔቱም፣ በስሙ መዝገብም ለብዙ ዓመታት ያለ ተወዳዳሪ የቆመ አንድ ድርጅት ነበር ማለት ነው። በነጥብ ኢቲ ሥር ለንግድ፣ ለመንግሥት፣ ለትምህርትና ለማኅበራት የተለዩ ንዑስ መዝገቦች አሉ። በሮቤ ያለው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስሙ በትምህርቱ ንዑስ መዝገብ ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በንግዱ ንዑስ መዝገብ ይገኛል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ያለ ንዑስ መዝገብ በቀጥታ በነጥብ ኢቲ ተጽፈዋል።

ነገር ግን ትልልቆቹ የንግድ ድርጅቶቻችን ሁሉ በአገራቸው መዝገብ አልተጻፉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚታወቀው በነጥብ ኮም ነው፤ አዋሽ ባንክም እንደዚሁ፤ የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም ጭምር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በውጭ የታወቀበት ስም በነጥብ ኦርግ ነው። የየድርጅቱን ምክንያት በዝርዝር ባንመረምረውም፣ ዓለም ነጥብ ኮምን የለመደ መሆኑ አንዱ ነው። ከዚህ ሌላ ግን አስመዝጋቢዎች በሚወዳደሩበት መዝገብ ስም ለማውጣት የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ነጋዴ ሰልፍ አይወድም።

የቴሌኮሙ ሞኖፖል በሕግ ያበቃው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ አዋጁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ለሌሎች ኩባንያዎች በሩን ከፈተ። ሳፋሪኮም በ850 ሚሊዮን ዶላር ጨረታውን አሸንፎ፣ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ አዲስ ተወዳዳሪ የኢንተርኔት ስም «ሳፋሪኮም ነጥብ ኢቲ» ነው። ይኸውም የስሙ መዝገብ የሚገኘው በዋናው ተቀናቃኙ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳች በደል ደረሰ አንልም፤ የሰማነውም የለም። ነገር ግን ሁለት የእህል ነጋዴዎች በአንድ ገበያ ሲሻሙ፣ ሚዛኑ በአንደኛው መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ፣ ባለሚዛኑ የቱንም ያህል እውነተኛ ሰው ቢሆን ሚዛኑን ወደ ውጭ ማውጣት ለሁለቱም ክብር እንደሚሻል በሮቤ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የከለከለው የገበያ የበላይነትን መያዝን ሳይሆን ያለ አግባብ መጠቀምን ነው። ይህ ትክክለኛ ሕግ ነው፤ ዳሩ ግን ሕጉ የሚሠራው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ የሥራው አደረጃጀት ግን ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያስቀር ይችላል።

የጎረቤታችን የኬንያ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በዚያ አገር መዝገቡን የሚይዘው ኬኒክ የተባለ ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ከሕዝቡ ጋር የሚገናኙት ፈቃድ የተሰጣቸው ብዙ አስመዝጋቢዎች ናቸው። በጀርመን ደግሞ መዝገቡ በፍራንክፈርት በሚገኝ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር እጅ ነው፤ የማኅበሩም አባሎች ስም በማስመዝገብ ሥራ የተሰማሩት ድርጅቶች ራሳቸው ናቸው። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሸጡባት የባሌ ምድር ለዚህ አሳብ እንግዳ አትሆንም። በእኛም አገር ድረ ገጽ የሚሠሩና የሚያስቀምጡ ድርጅቶች የደንበኛቸውን የስም ጉዳይ ተሯሩጠው ያስፈጽማሉ። የሚፈለገው ግን ይህ ሥራ በታወቀ ፈቃድ፣ ለሁሉ እኩል በሆነ የጅምላ ዋጋና ባለስሙ አስመዝጋቢውን ሲፈልግ በሚቀይርበት ደንብ እንዲቆም ነው። አንዳንድ ሰዎች ሁለተኛ መዝገብ ይቋቋም ሲሉ እንሰማለን፤ ይህ ከላይ እንዳስረዳነው ሁለት የይዞታ ደብተር እንደ መጠየቅ ነው፤ አንደግፈውም። የኢትዮ ቴሌኮም ከመቶ 10 አክሲዮን በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፣ የአክሲዮን ገዢዎች ስለ ትርፉ ብዙ ጠይቀዋል፤ የስሞቹ መዝገብ ወደፊት በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም የተነሣ አይመስለንም። የንግድ ምክር ቤቶች ሊያነሡት የሚገባው ይህን ነው።

ነጥብ ኢቲን ለባሌ ነጋዴ የሚያስመርጥ አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ገንዘቡ ነው። የነጥብ ኮም ዋጋ በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበረና፣ የዚያን ጊዜው የ9.59 ዶላር የጅምላ ዋጋ ብር 547 ያህል ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የጅምላው ዋጋም 10.26 ዶላር ሲገባ፣ ያው ስም ከብር 1,026 በላይ ሆነ። በዶላር የተጨመረው 67 ሳንቲም ብቻ ነው፤ በብር ግን ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። በዚህ ላይ የአስመዝጋቢው ትርፍ ይታከላል፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ የማግኘቱም ነገር ለሱቅ ነጋዴ ቀላል አይደለም። በአገር መዝገብ በብር የሚከፈል ስም ከዚህ ጭንቅ ነፃ ያወጣል። ስለዚህ የነጥብ ኢቲ በር ሰፊና ቀልጣፋ መሆኑ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የምንዛሪ ጉዳይም ነው።

ስሙን የሚመርጥ የአካባቢያችን ነጋዴ አንድ ልዩ ችግር ያጋጥመዋል፤ የአጻጻፍ ችግር ነው። ሮቤ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በአንድ «ኦ» እና በአንድ «ኢ» ትጻፋለች፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ግን ሁለቱም ፊደሎች ይደጋገማሉ። ጎባና ባሌም እንደዚሁ ሁለት ሁለት አጻጻፍ አላቸው። ለመዝገቡ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱን የያዘ ሌላውን አልያዘም፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይከፈልበታል። «ባሌ» የሚለውንማ የእንግሊዝ አገር ሰው በላቲን ፊደል ሲያየው የድርቆሽ ወይም የጥጥ እስር ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ በጆንያው ላይ የታተመውን አጻጻፍ በኢንተርኔት ስሙም መጠበቅ፣ አቅም ካለም ሁለተኛውን አጻጻፍ አብሮ መያዝ ይገባል።

ከአጻጻፉ የሚከፋው ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። እንበልና አንድ የሮቤ እህል ነጋዴ ድረ ገጽ እንዲሠራለት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ጋር ተዋዋለ፤ ባለሙያውም ስሙን አስመዘገበ፤ ነገር ግን ባለመብት ተብሎ በመዝገቡ የተጻፈው ነጋዴው ሳይሆን ባለሙያው ነው። ነጋዴው ለሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። በአራተኛው ዓመት በሒሳብ ሳይስማሙ ቀሩ። በመዝገቡ ዓይን ስሙ የባለሙያው ነው፤ ነጋዴው ጆንያውን፣ ማኅተሙንና የንግድ ፈቃዱን ይዞ ቢቀርብ መዝገቡ አያውቀውም። በንግድ ቢሮ የተመዘገበ የንግድ ስም በኢንተርኔት መዝገብ ላይ በራሱ ለውጥ አያመጣምና። ይህ ዓይነቱ ትንሽ ሞኖፖል፣ አንድ ነጋዴ በአንድ ባለሙያ እጅ የሚወድቅበት፣ ከቬሪሳይን ሞኖፖል ይልቅ በየቀኑ የሚጎዳ ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ በውሉ ላይ ባለመብቱ ነጋዴው ራሱ እንደሚሆን ማስጻፍ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው የኢሜይል አድራሻና የስልክ ቁጥር የነጋዴው እንጂ የባለሙያው አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ የመግቢያውንም የምሥጢር ቃል ተቀብሎ ከቼክ ደብተሩ ጋር መቆለፍ ነው።

ስሙን ባዕድ ሰው በክፉ ልብ የያዘበት ነጋዴ መሄጃ የለውም ማለት ግን አይደለም። አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በነጥብ ኮምና በመሳሰሉት መዝገቦች ለሚነሣ ክርክር ጄኔቭ በሚገኘው የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅትና በሌሎች ዘንድ አቤት ማለት ይቻላል። አመልካቹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም የሚያሳስት መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ ተገቢ ጥቅም የሌለው መሆኑን፣ ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልብ መሆኑን ነው። በአንድ ዳኛ ለሚታይ ጉዳይ በጄኔቭ የሚከፈለው 1,500 ዶላር ነው። ይህ ለሱቅ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ለቡና ላኪ ግን የአንድ ኮንቴይነር ሰነድ ከሚያስከትለው ወጪ ጋር ሊመዛዘን ይችላል። የንግድ ምልክቱን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሮአዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዘገበ ነጋዴ የመጀመሪያውን ነጥብ ለማስረዳት ብዙ አይደክምም፤ ያላስመዘገበው ግን ከመነሻው ይቸገራል። አገራችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስትከራከር፣ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር እስክትስማማ ድረስ የደከመችው ስም ገንዘብ መሆኑን አውቃ ነው። የሐረና ቡና ስም ወደፊት እንደነዚያ ሲታወቅ በኢንተርኔት መዝገብ ላይ በማን ስም ተጽፎ ይገኝ ይሆን?

የመጨረሻው ጉዳይ የማሳደሻው ቀን ነው። የኢንተርኔት ስም ተገዝቶ የሚያዝ ሳይሆን በኪራይ የሚያዝ ነው። በነጥብ ኮም ጊዜው ያለፈበት ስም በአስመዝጋቢው ዘንድ እስከ 45 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በተራው ዋጋ ይታደሳል። ከዚያ የ30 ቀን የመቤዣ ጊዜ ይከተላል፤ በዚህ ውስጥ ስሙን ለማስመለስ የሚጠየቀው ከተራው ማሳደሻ እጅግ የሚበልጥ ነው። ከዚያም ስሙ ማንም ሊነካው የማይችልበት 5 ቀን ያልፍና ከመዝገቡ ይፋቃል። በዚያች ሰዓት ስሙ ለመጀመሪያው ጠያቂ ክፍት ነው፤ እንደነዚህ ያሉትን የሚፋቁ ስሞች ቀንና ሌሊት በማሽን እየጠበቁ የሚለቅሙ፣ ከለቀሙም በኋላ ለቀድሞው ባለቤት በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች በዓለም ላይ አሉ።